የሸዋ ውሎችና የመልእክተኞቹ ዝና

ዲፕሎማት በተላከበት አገር ረጅም ዘመን ከኖረ፣ ከቤተ መንግሥቱ ከተወዳጀና ውል ካስፈረመ ሁለት ሕዝቦችን አቀራረበ ተብሎ ይወደሳል። ይህ ልማድ በታሪክ መጻሕፍትም በክብረ በዓል ንግግሮችም ሥር የሰደደ ነው። አንኮበርና ደብረ ብርሃን ያስተናገዷቸው መልእክተኞች ታሪክ ሲመረመር ግን ውዳሴው መሠረት የለውም።

ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከቦምቤይ ተልኮ ሸዋ የገባው በ1833 ዓ.ም. ነበር። ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጠመንጃና መድፍ የተጨመረበት ገጸ በረከት አቀረበ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. የእንግሊዝና የሸዋ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ንጉሡ የሚሹት መሣሪያና የእጅ ባለሙያ፣ እንግሊዞች የሚሹት የንግድ በር ነበር። በ1835 ዓ.ም. ሃሪስ አገሩን ለቆ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ንጉሡ ከፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ጋር ሌላ ውል ተፈራረሙ። ሃሪስ ግን የ«ሰር» ማዕረግ አገኘ፤ ስለ ጉዞው የጻፈው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍም ዝናውን አሰፋለት። በዚያው ዘመን ሸዋ የነበረው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን የሃሪስን ተልእኮ በራሱ መጽሐፍ መንቀፉ እምብዛም አይነሳም።

የሸዋ ቤተ መንግሥት እንግዳን የሚቀበልበት ሥርዓት ነበረው። እንግዳው ድርጎ ይቆረጥለታል፤ ጉዳዩን ለንጉሥ የሚያደርስለት ባልደረባም ይሰጠዋል። ሥርዓቱ የአክብሮት ነው፤ የጥበቃም ነው። እንግዳው አገሩን የሚያየው በባልደረባው ዐይን፣ የሚሰማው በአስተርጓሚው ጆሮ ነው። ከዚህ አጥር ሳይወጣ የተጻፈን መጽሐፍ የባህል መግባባት ፍሬ ማለት ስሕተት ነው። በዚህ ረገድ በ1831 ዓ.ም. አንኮበር የደረሰው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፍ ይሻላል። እርሱም የመጣው ሃይማኖቱን ሊሰብክ ነው፤ የሃሪስም አስተርጓሚ ሆኗል። ነገር ግን አማርኛ ያውቅ ነበር፤ አንኮበር ተቀምጦም ኦሮምኛ ተማረ፣ የሰዋስውና የቃላት ሥራም አዘጋጀ። ያስተማሩት ሰዎች ግን በውዳሴው ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ለተለመደው አስተሳሰብ ትልቁ ፈተና ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ነው። የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ልዑካን በማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ መሪነት ሸዋ በገቡ ጊዜ ምኒልክ ከአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጧቸው። አንቲኖሪ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1874 ዓ.ም.፣ በዚያ ኖረ። ለሳይንስ የተሰጠው ጣቢያ ቀስ በቀስ የፖለቲካ መናኸሪያ ሆነ። በ1871 ዓ.ም. አካባቢ የመጣው አንቶኔሊ ደግሞ አሥር ዓመት ያህል ሸዋን ተመላለሰባት፤ መሣሪያ አቀረበ፣ የምኒልክን ወዳጅነት አተረፈ፣ በ1875 ዓ.ም.ም ከእርሳቸው ጋር ውል ተፈራረመ። በቆይታና በቅርበት ከተለካ በዘመኑ ከነበሩት አውሮፓውያን መልእክተኞች የሚበልጠው ጥቂት ነው። ይሁንና ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል የተዋዋለው ይኸው ሰው ነው። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው፤ ሮማም ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች።

ጥፋቱን በአስተርጓሚው በግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ላይ የሚጭኑ አሉ። ሚዛናዊ ፍርድ አይደለም። የቃል ስሕተት ቢሆን ኖሮ ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. አካባቢ አንቶኔሊን ፊት ለፊት ሲጠይቁት ይታረም ነበር። አልታረመም፤ ምክንያቱም የጣሊያን ጥቅም በዚያ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አገሩን ማወቁም ወዳጅነቱም ለላከው መንግሥት መሣሪያ ሆኑ። መልእክተኛ የሚያገለግለው ላኪውን ነው፤ ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ አገልግሎቱን የሁለት ሕዝቦች መቀራረብ ብሎ መሰየም ነው።

ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ ጦርነቱም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ደረሰ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ለዘለዓለም ሲሽር የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነበር፤ ጣሊያንኛ አልገባበትም።