ምቀኛውን ፍለጋ

እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። በሕይወታችሁ «እኔ ምቀኛ ነኝ» ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛን አልገጠመንም። ምቀኛ ያለበት ሰው ግን ሞልቷል። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ብትገቡ ስለ ምቀኛ የተለጠፈ ጥቅስ አለ። ሥራ ቦታ እድገት የቀረበት ሰው የቀረበት በምቀኛ ነው። ለጸሎት ስንቆምም አብዛኛውን ጊዜ የምንለምነው ከምቀኛ ዓይን እንዲሰውረን ነው። ሁሉም ሰው ምቀኛ ካለበትና ማንም ምቀኛ ካልሆነ፣ ሒሳቡ የሆነ ቦታ ተሳስቷል ማለት ነው።

እኛ ስሕተቱን ያገኘነው ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ላይ ነው። የት? እዚሁ፣ እኛው ዘንድ።

አምስት ጓደኛሞች ነን። ኦርቶዶክስም ጴንጤም አለን፤ በጾም ሰሞን ምሳ ስናዝ ከምንነታረከው በስተቀር ተስማምተን እንኖራለን። ሰኔ 2005 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲከፈት በጠዋት ተሰልፈን አብረን ተመዘገብን። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት አብረን ቆጠብን፣ አብረን ተማረርን፣ ዕጣ በወጣ ቁጥርም አብረን ቀረን። አብሮ መቅረት የራሱ የሆነ ጣዕም እንዳለው ያኔ አልገባንም ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ግን የአንዷ ጓደኛችን ስም ወጣ። የአራታችን አልወጣም።

ደወልንላት። በስልክ እልል አልን፣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አልን፣ ምርቃቱን አዥጎደጎድነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አንዳችን «እሷ እኮ ብቻዋን ናት፤ ልጅ ላለው ሰው ቢሆን ኖሮ...» አለ። ሌላዋ ቀጠለች፤ «ስንተኛ ፎቅ ይሆን የደረሳት? አምስተኛ ከሆነ እኮ ውኃ አይወጣም።» ውኃ እንዳይወጣ ነበር እንዴ የፈለግነው? እንደዚያ ያለ ሰው የለም። ጨዋዎች ነን።

ብዙ ቀን ሳይቆይ ዕጣው ተሰረዘ። መስፈርቱን የማያሟሉ ሰዎች ስም በኮምፒውተሩ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ተገኘ ተባለ። ጓደኛችን ገና ቁልፉን ሳታይ ቤቷን አጣች።

ልናጽናናት ሄድን። አለቀሰች። ፊታችንን አጨፍግገን ተቀመጥን፣ ቡና ተፈላ፣ «አይዞሽ፣ ለበጎ ነው» አልን። ውስጣችን ግን አንድ ነገር ቀለል አለው። እንናገረው ከተባለ ደስ አለን። እንደገና አምስት ሆንና!

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ስለ ሙስና እንደ ጉድ ተናደድን። ማጭበርበሩ የሚያናድድ ነው፤ ቁጣችንም የውሸት አልነበረም። ነገር ግን ያ ቁጣ ለሌላው ነገር ጥሩ ካፖርት ሆኖለት ነበር። ስለ ፍትሕ የምናወራውን ያህል፣ ዕጣው በሰላም ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምናወራ እናውቀዋለን። ስለ ፎቁና ስለ ውኃው ነበር የምናወራው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቦሌ ላይ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ያቆመውን ባለሀብት ቀንተንበት አናውቅም። የምንቀናው አብሮን በተሰለፈው ሰው ነው። ሳኦልን ተመልከቱት። ንጉሥ ነው፤ ዙፋን አለው፣ ሠራዊት አለው። ሴቶቹ በዘፈናቸው ለእሱ ሺዎችን፣ ለዳዊት አሥር ሺዎችን ሲቆጥሩ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። የቀነሱበት ነገር እኮ የለም። ለሌላው ስለ ጨመሩ ብቻ ነው ጦር እስከ መወርወር የደረሰው።

እዚያው ምዕራፍ ላይ (1ኛ ሳሙኤል 18 ነው) የሳኦል ልጅ ዮናታን አለ። ዳዊት ሲነሣ ከማንም በላይ የሚጎዳው እሱ ነበር፤ አልጋ ወራሽ ነውና። እሱ ግን ካባውን አውልቆ ለዳዊት ሰጠው፤ ሰይፉን፣ ቀስቱንና መታጠቂያውንም ጨመረለት። አባትና ልጅ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ዳዊት። አንዱ ጦር ወረወረ፣ አንዱ ካባ አወለቀ። ስለ ዮናታን ስንሰማ ያደግነው ስለ ጓደኝነቱ ነው። ካባው የዙፋን ካባ እንደነበር ማን ነግሮን ያውቃል?

ስግብግብነትም የዚሁ የቅናት ወንድም ነው። አክዓብ ቤተ መንግሥት እያለው ለአንዲት የአትክልት ቦታ ብሎ አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ፊቱን አዙሮ፣ እህል አልበላም አለ። ናቡቴ ምንም አልወሰደበትም፤ አልሸጥም ነው ያለው። በመጨረሻ ናቡቴ በሐሰት ምስክር ተወግሮ ሞተ። የሌላውን ዓይቶ ማኩረፍ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ማወቅ የፈለገ 1ኛ ነገሥት 21ን ያንብብ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኛ መጀመሪያ ያደረግነው እንደማንኛውም ሰው ነው። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ቅናት አንሣልኝ» ብለን ጸለይን። አልተነሣም። ያ ጸሎት ሲታይ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ እኛ ነው፤ ስለ ልባችን፣ ስለ ሰላማችን፣ ስለ እንቅልፋችን። ጓደኛችን እዚያ ውስጥ የለችም።

በኋላ አንዱ ኦርቶዶክስ ጓደኛችን ነገሩን ለንስሐ አባቱ ተናዘዘ። የታዘዘውን ሲነግረን ሁላችንም ከበደን። ቤት እንዲሰጣት በየቀኑ በስሟ ጸልይላት ነው የተባለው። ለራስህ ሳይሆን ለእሷ። ሞክሩት እስቲ! የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ምላስ እንደ ድንጋይ ይሆናል።

በዚሁ ሰበብ በዐሥርቱ ትእዛዛት ቁጥር ተከራከርን። ጴንጤዎቹ «አትመኝ» የሚለው ዐሥረኛው ነው አሉ። ኦርቶዶክሶቹ በሰንበት ትምህርት ቤት የተማሩት ዘጠነኛ ሆኖ ነው፤ ዐሥረኛው ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ ነው። ክርክሩ ባይቋጭም ሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ወደድነው፤ በሽታውና መድኃኒቱ አንድ መደርደሪያ ላይ። ደግሞ ዘፀአት 20 ላይ አትመኝ ሲል ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የባልንጀራን ቤት ነው። በሬውና አህያው የሚመጡት በኋላ ነው። (አህያው በዛሬ ገበያ ቪትስ መሆኑ ነው።)

ኅዳር 2015 ዓ.ም. ዕጣው እንደገና ወጣ። የማናችንም ስም አልነበረም። ያን ቀን ስሟን ከዝርዝሩ ውስጥ ስንፈልግ እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የእኛን ስም ስንፈልግ እንደተንቀጠቀጠው ያህል። በዚያው ማታ የሐምሌውን ደስታችንን ነገርናት። ዝም ብላ ሰማችንና «ፊታችሁን አይቼው ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ስልካችንን ቶሎ አላነሣችም። እውነቷን ነው።

ዘንድሮ አከራይዋ ቤቱን ለልጄ እፈልገዋለሁ አሏት። ለአዲስ ቤት ቅድሚያ የምትከፍለው አልነበራትም። ከሥራ ባልደረቦች ጋር የገባንበት ዕቁብ አለ፤ የመጀመሪያው ወር ዕጣ ለአንዳችን ደረሰው፤ ያ «ልጅ ላለው ሰው ቢሆን ኖሮ» ያለው ጓደኛችን ነው። ላፕቶፕ ሊገዛበት ዋጋ ሁሉ ጠይቆ ነበር። ለዕቁቡ ዳኛ ተራዬን ለእሷ ቀይሩልኝ አለ። ዳኛው ዋስ አምጡ ሲሉ የቀረነው ፈረምን። የእሷ ተራ ሲደርስ እሱ ይወስዳል፤ መቼ እንደሚደርስ ግን ዕጣው ነው የሚያውቀው። እስከዚያ በአሮጌው፣ ሁለት ፊደል በማይጽፈው ላፕቶፑ ይሠራል።

ቅዳሜ አዲሱ ቤቷ ጠርታናለች። የስኒ ረከቦት እንግዛላት ወይስ ምንጣፍ እየተባባልን ነው። ፎቶ ልካልን ነበር፤ በረንዳው ሰፊ ነው፣ ከሁላችንም ቤት ይበልጣል። አንዳችን ፎቶውን ደጋግማ አየችና «ግን ፀሐይ አይበዛበትም?» አለች። ሁላችንም ዞር ብለን አየናት። መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ ናት።