የዋግ ስሌትና የባሌ ስንዴ

የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ በዲ.ኤን.ኤ. ውስጥ ለውጥ የሚበዛበትን ስፍራ በኮምፒዩተር አስልቶ አስቀድሞ ማመልከት እንደሚቻል ይነግሩናል። ነገሩ እውነት ነው። በሰው ዲ.ኤን.ኤ. ሳይቶሲን የተባለው ፊደል ጓኒንን አስከትሎ በተገኘበት ስፍራ፣ ከሌላው ይልቅ በብዙ እጥፍ ወደ ታይሚን ይለወጣል። ኮምፒዩተርም የብዙ ናሙናዎችን ፊደል እያስተያየ እንዲህ ያለውን ስስ ቦታ ይለያል። ዳሩ ግን ይህ ዕውቀት ለሲናናና ለጎባ ገበሬ ምን ይረባዋል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ የአገራችንን ስንዴ ክፉኛ መታ። ዲገሉ የተባለው ዝርያ ቢጫውን ዋግ ይቋቋም ስለ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ በባሌና በአርሲ ማሳውን ሞላው። ከኅዳር እስከ ጥር 2006 ዓ.ም. ግን የዲገሉን መከላከያ ዘረ መል የሚያልፍ የግንድ ዋግ ተነሣ፤ ምርቱ ከሞላ ጐደል የጠፋበት ማሳም ታየ። አንድ ዝርያ በሰፊው ተዘርቶ ነበርና፣ አንዱን ቍልፍ የከፈተ ሁሉንም ቤት ከፈተ።

ስሌቱ ይህን አስቀድሞ ሊነግረን ይችል ነበርን? ብቻውን አይመስለኝም። ዋግ የሚለወጠው ፊደል በፊደል ብቻ አይደለምና። በ2010 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በአንድ የዋግ ዘረ መል ውስጥ ተንቀሳቃሽ የዲ.ኤን.ኤ. ቍራጭ ገብቶ ስንዴው ጠላቱን እንዳይለይ አድርጎታል። በኡጋንዳ የተገኘው ዩ.ጂ. 99 ደግሞ ከሁለቱ ኑክሊየሶቹ አንዱን እንዳለ ከሌላ ዋግ እንደ ወሰደ በ2012 ዓ.ም. ታውቋል። የፊደል ለውጥ ብቻ የሚቈጥር ሰው እንዲህ ያለውን ከየት ያየዋል?

እንግዲህ ስሌቱ ይጣል ማለቴ አይደለም። የካምብሪጅ ሊቃውንት ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ነፋስ የዋጉን ብናኝ ወዴት እንደሚወስድ በኮምፒዩተር ያሰላሉ፤ መልካም ሥራ ነው። የኔ ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በሮቤ ያለው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ተማሪ፣ ከሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ሆኖ የራሱን አገር ዋግ ያስላ። ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያው በኦሮምኛም በአማርኛም ገበሬው በሚገባው ቃል ይነገር፤ ይህ የእኛ የአርትስ ተማሪዎች ድርሻ ነው። ሦስተኛ፣ ከሁሉ በፊት፣ በየማሳው ልዩ ልዩ ዝርያ ይዘራ። ምትክ ዘር በጎተራው ለሌለው ገበሬ፣ ትንቢት የመርዶ ታናሽ ወንድም ነው።