የእሽግ ምግብ ወይስ የጓዳ ስንቅ?

በሀገራችን በቀድሞው ጊዜ መንገደኛ ያለ ስንቅ ከቤቱ አይወጣም ነበር። ዘማቹ በስልቻው፥ ነጋዴው በአህያው ጭነት፥ ተማሪውም በአኩፋዳው በሶ፥ ቆሎና ድርቆሽ ይዞ ይጓዝ ነበር። እነዚህ ምግቦች በአንድ ጊዜ ተሠርተው ለብዙ ቀን የሚቈዩ፥ በደረሱበትም ስፍራ በጥቂት ውሃ ወይም ያለ ውሃ የሚበሉ ናቸው። እንግዲህ ዛሬ «ቶሎ የሚደርስ ምግብ» እየተባለ በእሽግ የሚሸጠው ነገር ለሕዝባችን አዲስ አሳብ አይደለም። አዲስ የሆነው፥ ስንቅ የማዘጋጀቱ ሥራ ከጓዳ ወደ ፋብሪካ መዛወሩና በዚያም ጨው፥ ስኳርና ቅባት ከልክ በላይ መጨመራቸው ነው።

እኛ በጤና ጥበቃ ሥራ የተሰማራን ሰዎች የፋብሪካን ምግብ ሁሉ አንነቅፍም። አዮዲን የተጨመረበት ጨው፥ በሙቀት ከተሕዋስያን የጸዳ ወተት የፋብሪካ ሥራዎች ናቸው፤ ጥቅማቸውም የታወቀ ነው። የምንነቅፈው የልጆቻችን የምሳ ዕቃ ከቀን ወደ ቀን በብስኩት፥ በቺፕስና በለስላሳ መጠጥ መሞላቱን ነው። የምንመክረውም እነዚህን ነገሮች በቃል ብቻ ከመከልከል ይልቅ፥ እንደ እነርሱ ቶሎ የሚደርስና የሚጥም ምግብ በቤታችን አዘጋጅተን እንድንተካቸው ነው። ልጅ የተከለከለውን ይመኛል፤ የተሻለ ነገር ሲሰጠው ግን ይረሳዋል።

በጃፓን አገር ሞሞፉኩ አንዶ የተባለ ሰው በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. በዘይት ተጠብሶ የደረቀና በፈላ ውሃ ብቻ የሚለሰልስ ምግብ ለገበያ አቀረበ። ይኸው ዛሬ በብዙ የከተማ ቤት «ኢንዶሚ» በሚል ስም የሚጠራው ዓይነት ምግብ ነው። ሥራው ብልኀት ያለበት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበቃ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ካሉት እሽጎች ብዙዎቹ ከነቅመማቸው ሲበሉ የዚህን ልክ ግማሽ ያህል፥ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይይዛሉ። ለሕፃን ደግሞ ልኩ ከአዋቂው ያነሰ ነው። የወጥ ማጣፈጫ ኩብም ቢሆን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው።

የስኳሩም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። የተለመደው ለስላሳ መጠጥ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ግራም ያህል ስኳር አለው። ስለዚህ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ የጠጣ ልጅ ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ጠጣ ማለት ነው። እናት ይህን ያህል ስኳር በአንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ ስትጨምር ብናይ በተገረምን ነበር፤ በጠርሙስ ታሽጎ ሲመጣ ግን ማንም አይገረምም።

ጉዳቱ በጨውና በስኳር ብቻ የሚወሰን እንዳይመስለን፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ምርመራ አለ። ኬቪን ሆል የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር 20 ሰዎችን በአንድ ስፍራ አኑረው፥ ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፥ ለሁለት ሳምንት ደግሞ እንደ ቤት የተሰናዳ ምግብ አበሏቸው። የቀረበው ስኳር፥ ጨውና ቅባት በሁለቱም ወገን እንዲመጣጠን ተደርጎ ነበር፤ ሰዎቹም የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። ይሁን እንጂ የፋብሪካውን ምግብ ሲበሉ በየቀኑ 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፤ ክብደታቸውም ጨመረ። እንዲህ ያለው ምግብ ለአፍ የቀለለ በመሆኑ ሆድ «በቃኝ» ሳይል ብዙ ይበላል።

እንግዲህ በምን እንተካው? መልሱ ከጓዳችን ሩቅ አይደለም።

በኢንዶሚ ፈንታ ድርቆሽ አለልን። ያልሻገተ እንጀራ ተቈራርሶ፥ ንጹሕ ስስ ጨርቅ ተሸፍኖበት፥ እንደ ብስኩት እስኪሰበር ድረስ በፀሐይ ይድረቅ፤ ከዚያም ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ይቀመጥ። በተፈለገ ጊዜ ሽንኩርትና ቲማቲም በጥቂት ዘይት ይቁላላ፤ በርበሬና ውሃ ይጨመርበት፤ ሲፈላ ድርቆሹ ይግባበት። እንቍላል ወይም የተቀቀለ ምስር ቢታከልበት ሙሉ ምግብ ይሆናል፤ ሥራውም ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥ። የሻገተ እንጀራ ግን ቢደርቅም ሻጋታው ስለማይለቀው መጣል አለበት።

በወጥ ማጣፈጫ ኩብ ፈንታ ጨው የሌለበት ደረቅ ቅመም በቤት ይዘጋጅ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በስሱ ተከትፈው ይድረቁ፤ በሶብላና የጥብስ ቅጠል በጥላ ይድረቁ፤ ከጥቂት ኮረሪማና ነጭ አዝሙድ ጋር ተወቅጠው ወይም ተፈጭተው በጠርሙስ ይቀመጡ። ከዚህ አንድ የሻይ ማንኪያ ለአንድ ድስት ይበቃል። ጨው ለብቻው ተለክቶ፥ ያውም አዮዲን ያለው፥ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። በዚህ መንገድ እናት በድስቷ ውስጥ ምን ያህል ጨው እንዳለ ታውቃለች።

በብስኩትና በቺፕስ ፈንታ በሶና ቆሎ አሉ። ገብስ፥ ሽምብራና ሱፍ ተለቅመው ተቈልተው ያለ ጨው ወይም በጥቂት ጨው ቢቀርቡ ለተማሪ የዕረፍት ሰዓት የተመቹ ናቸው፤ ሆድ ይይዛሉ፤ ለጥርስም ከከረሜላ የተሻሉ ናቸው። ነገር ግን ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ቆሎና ለውዝ ትንታ ስለሚያመጡ፥ ለእነርሱ በሚገባ በስሎ የተፈጨ ንፍሮ ይሰጣቸው። ለውዝም ሲለቀም የሻገተውና የተጨማደደው በጥንቃቄ ይወገድ፤ በሻጋታው የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በመቍላትም ፈጽሞ አይጠፋም።

በለስላሳ መጠጥ ፈንታ ሎሚ የተጨመቀበት ንጹሕ ውሃ ወይም የተልባ ውሃ ይበቃል። ማር የተፈጥሮ ነገር ነውና አይጎዳም የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ማርም በሰውነት ውስጥ እንደ ስኳር ስለሚቈጠር ብርዝ በመጠኑ ይሁን። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ፈጽሞ አይሰጥ።

ከዚህም ጋር በቤት የተሠራ ምግብ ሁሉ ጤናማ ነው የሚለውን አሳብ አንቀበልም። ደጋግሞ በተቃጠለ ዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፥ ስኳር ያለ ልክ የፈሰሰበት ኬክ፥ ጨው የበዛበት ቋንጣ ከጓዳ ስለ ወጡ ብቻ ጕዳታቸው አይቀርም። የጓዳ ጥቅሙ የምንጨምረውን ነገር በእጃችን ለክተን ማወቃችን ነው፤ ካልለካን ጥቅሙ ይቀራል።

አንዳንድ ሰዎች «እናቶች ከሥራ ውለው ደክመው ይገባሉ፤ እናንተ ደግሞ ሌላ ሸክም ትጭኑባቸዋላችሁ» ይሉን ይሆናል። ክርክሩ እውነት አለበት። የእሽግ ምግብ ወደ ቤታችን የገባው በስንፍና ሳይሆን በጊዜ እጥረት ነው። ስለሆነም ሥራው የእናት ብቻ ሆኖ ከቀጠለ ምክራችን ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ነገር ግን ስንቅ በየቀኑ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ በወር አንድ ቀን ቢሠራ ለወሩ ይበቃል። በዚያ ቀን አባት ገብሱን ቢያጥብና ወፍጮ ቤት ቢያደርስ፥ ልጆች ቢለቅሙ፥ እናትም ብትቈላ፥ አንዱ የሌላውን ድካም ያቀልለታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለምን?

በውጭ አገር ለትምህርት በቈየንበት ጊዜ እንደ ተመለከትነው፥ ከጓዳቸው ፈጽመው የወጡ ሰዎች ዛሬ ያልተፈተገ እህልና ጥራጥሬ በውድ ዋጋ እየገዙ ለመመለስ ይደክማሉ፤ አያቶቻቸው ያውቁት የነበረውንም ሙያ ከመጻሕፍት እንደ ገና ይማራሉ። የእኛ እናቶች ሙያ ግን ገና በእጃቸው ነው። ይህን ሀብት ልጆቻቸው ሳይወርሱት ቢጠፋ፥ መልሶ ለማግኘት የሚከፈለው ዋጋ ከባድ ይሆናል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታም ብዙውን ጊዜ ድምፅ ሳያሰሙ የሚገቡ ናቸው፤ ልብን፥ ኵላሊትንና ዓይንን ከጎዱ በኋላ መታወቃቸው ብዙ ነው።

እናንተም ክቡራን መምህራን፥ ልጅ ከወላጁ ቃል ይልቅ የመምህሩን ቃል አጥብቆ እንደሚይዝ ታውቃላችሁ። ለጐበዝ ተማሪ ሽልማት ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ መስጠት ይቅር፤ በእነርሱ ፈንታ ደብተርና እርሳስ ይሰጥ። በትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚሸጠው ምን እንደ ሆነ ይታይ፤ ቆሎና ንፍሮ በንጽሕና የሚሸጡ እናቶችም ስፍራ ይሰጣቸው። በሳይንስ ክፍለ ትምህርትም ተማሪዎች የእሽጉን ጽሑፍ አንብበው በውስጡ ያለውን ስኳር በሻይ ማንኪያ ይቍጠሩ፤ ራሱ የቈጠረ ልጅ ስብከት አያስፈልገውም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ይህ ሁሉ ዛሬ በትንሽ ድካም የሚሆን ነገር ነው። ወላጆችም መምህራንም በዚህ ወር አንድ ቀን መርጠው ቢጀምሩ፥ የልጆቻቸው የምሳ ዕቃ በሚቀጥለው ወር የጓዳ ስንቅ ይይዛል።