ጺም ሳክስፎን አይነፋም

አንድ ጨዋታ አለ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «የሙላቱ አስታጥቄ ፊልም ቢሠራ ማን ይተውን?» ይባልና ፎቶ ይደረደራል። የአንዱ ጺም ቁርጥ እሱን ነው፣ ሌላው መነጽር ቢያደርግ በቃ እሱው ነው። ስለ እጅ ትንፍሽ የሚል የለም። ሙላቱ ስሙን የገነባው ቫይብራፎን ላይ በእጁ ነው፤ ተዋናዩን የምንመርጥለት ግን ከአንገት በላይ ነው። በሁለቱም ትርጉሙ።

የምለው አጭር ነው። የጃዝ ሰው ታሪክ ፊልም ሲሆን ተዋናይን በመልክ መምረጥ ይቅር። ለኦዲሽን የመጣን ሰው «እስቲ ዞር በል» ከማለት በፊት «እስቲ ያዘው» በሉት። አያያዙና አተነፋፈሱ ተስፋ ካልሰጠ፣ መንታ ወንድሙን ቢመስልም ይሸኝ።

ይህን የምጽፈው ከኦጎልቾ ነው፤ ከአሰላ ቁልቁል ወደ ዝዋይ ሐይቅ በኩል። «አርሲና ጃዝ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ ደግሞ ይህን ነገር እንደ አርሲ ሰው የሚረዳው የለም ባይ ነኝ። በ1999 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን ናቸው) «ኢንዱራንስ» የሚባል ፊልም ወጣ፤ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ታሪክ ነው፣ ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው ሌስሊ ውድሄድ። ኃይሌን ማን ተወነው? ራሱ ኃይሌ። ዘመዶቹም ገብተውበታል። ኃይሌ ሲሮጥ ግራ ክንዱ እጥፍ እንደምትል የማያውቅ የለም፤ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የለመደባት ናት። ያችን ክንድ የትኛው ሜካፕ ይሠራታል?

ሯጭ ያልሆነ ተዋናይ «ኃይሌ ነኝ» ብሎ ቢሮጥ አሰላ ውስጥ የማይስቅበት ሕፃን የለም። ምክንያቱም ሩጫ ላይ ዓይን አለን። ሳክስፎን ላይ ግን አብዛኞቻችን ዓይን የለንም፤ ፊልም ሠሪውም ይህን ያውቃል። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ጣቱ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ የሆነ ተዋናይ ሲቀርብልን ቁርበቱን የምናነጥፈው እኛ ነን።

ጌታቸው መኩሪያን ውሰዱ። በ2016 ያረፈው ይህ ሰው የጦረኛውን ሽለላ ወደ ሳክስፎን ያመጣ ነው። ሽለላ ጉሮሮ ነው፣ ደረት ነው፣ ቁጣ ነው፤ እሱ ያንን ሁሉ በናስ ቱቦ ውስጥ አሳለፈው። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ ይወጣ ነበር። አሁን የሱን ፊልም አስቡ። ጎፈሩን ማልበስ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ጎፈሩ ሥር ያለው ትንፋሽ ግን የዕድሜ ሥራ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም እንዲሁ ናቸው። ሙዚቃቸው ጃዝ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ይቆየንና፣ ቆብ የደፋች ተዋናይት ፒያኖ ፊት ማስቀመጥ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ እዩት። አደጋውም እሱ ነው። ልብሱ ለዓይን በቀለለ ቁጥር ማጭበርበሩም ይቀላል።

«ሙዚቀኛ መተወን አይችልም» የሚል መልስ ይመጣል። ዴክስተር ጎርደን ይመስክር። በ1986 በወጣው የቤርትራን ታቨርኒዬ ፊልም፣ «ራውንድ ሚድናይት» ላይ፣ ስልሳ ዓመት ያለፈው ይህ ሳክስፎኒስት መሪ ተዋናይ ሆነ። የወከለው ገጸ ባሕርይ የተቀዳው ከፒያኒስቱ ከባድ ፓወልና ከሳክስፎኒስቱ ከሌስተር ያንግ ሕይወት ነው፤ የአንዳቸውንም መልክ ይምሰል ያለው የለም። ሙዚቃው እዚያው ካሜራ ፊት ተቀዳ። ሰውየው ለኦስካር በምርጥ ተዋናይነት ታጨ።

ሌላው መልስ ጠንከር ይላል፤ «ፎረስት ዊተከርስ?» የሚል። በ1988 በክሊንት ኢስትዉድ «በርድ» ላይ ቻርሊ ፓርከርን ተጫውቶ በካን የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ወስዷል፤ የሚሰማው ሳክስፎን ደግሞ ከድሮ ቅጂ ተለይቶ የወጣ የራሱ የፓርከር ነው። እውነት ነው። እኔም ተዋናዩ የግድ ሙዚቀኛ ይሁን አላልኩም። ድምፁ ከቴፕ ቢመጣም ገላው ማሳመን አለበት ነው የምለው፤ የዊተከርም ድል የገላ ነው። ዶን ቺድል ማይልስ ዴቪስን ሊሆን ሲነሳ መለከት ተምሯል። ጄሚ ፎክስ በ«ሬይ» ፒያኖውን በራሱ ጣት ነው የተጫወተው፤ ከልጅነቱ ያውቀዋልና።

ሦስተኛው መልስ ገንዘብ ነው፤ «ታዋቂ ፊት ካልገባበት ማን ያየዋል?» የሚለው። ታዋቂ ፊት ምን እንደሚያደርግ «ኒና» አሳይቶናል። በ2016 በወጣው በዚህ ፊልም ዞዊ ሳልዳና ኒና ሲሞንን እንድትመስል ፊቷ በቀለም ጠቆረ፣ ሰው ሠራሽ አፍንጫ ተለጠፈላት። ተቃውሞው ከባድ ነበር፤ ሳልዳና ራሷ በ2020 ይቅርታ ጠይቃለች። መልክ ፍለጋ መጨረሻው ይሄው ነው፤ ሴትዮዋን ትቶ አፍንጫዋን ማምረት።

የኛም ጉዳይ ሩቅ አይደለም። በ2005 የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» የሙላቱን ሙዚቃ ለዓለም አሰማ። ፊልሙ ውስጥ ያንን ሙዚቃ የሚያመጣው ኢትዮጵያዊ ጎረቤት ግን አሜሪካዊው ጄፍሪ ራይት ነው። ራይት ጎበዝ ነው፤ ጸቤ ከሱ ጋር አይደለም። ግን ነገ ገንዘብ ያለው የውጭ ኩባንያ የኢትዮ ጃዝን ታሪክ ልሥራ ቢል መንገዱ በዚያ በኩል እንደተጠረገ አንርሳ። ሌላም መንገድ እንዳለ ግን አይተናል፦ በ2009ኙ «አትሌቱ» አበበ ቢቂላን የተጫወተው ራሴላስ ላቀው ነው፤ ከዴቪ ፍራንክል ጋር ዳይሬክተርም ነበር።

ይህን ሁሉ የምጨቃጨቀው ለምንድነው? እኔና እኩዮቼ ጌታቸውን መድረክ ላይ አልደረስንበትም። በደርግ የሰዓት እላፊ ዘመን ባንዶች እስኪነጋ ሲጫወቱ አላየንም። ዋሊያስ ባንድ በ1981 አሜሪካ ሄዶ ኃይሉ መርጊያ እዚያው ሲቀር፣ በኋላም ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ፣ አብዛኞቻችን አልተወለድንም። ለኛ ፊልሙ ትዝታ ይሆናል። ኦጎልቾ ያለ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በስልኩ የሚያየው ከንፈር የጌታቸው ከንፈር ሆኖ ይቀርበታል። ውሸት ከሆነ ሌላ ማመሳከሪያ የለውም። ተዋናዩን «እንዲህ አይደለም የሚነፋው» ብለው የሚያርሙት አዛውንቶች ደግሞ እያለቁ ነው።

ስለዚህ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ተዋናዩ ቢያንስ ዓመት ይማር። አስተማሪዎቹ የዚያ ዘመን ተጫዋቾች ይሁኑ፤ ለምርቃት ሳይሆን በደንብ ተከፍሏቸው። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይፈተኑ። ኦዲሽኑም ከአዲስ አበባ ይውጣ። እዚህ ኦጎልቾ በሠርግ ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ አውቃለሁ፤ ሙሽራው ሲገባ ዓይኑ ሙሽራው ላይ ነው፣ ጣቱ ግን አይሳሳትም። ያንን ማንም ዳይሬክተር በሁለት ሳምንት አያስተምርም። ግን ማን ይጠራዋል? የኦዲሽን ማስታወቂያው ሁሉ «ጉርድ ፎቶና ሙሉ ቁመት ፎቶ ላኩ» ነው የሚለው።

እናንተም የፎቶ ድርደራውን ተዉት። የሚቀጥለው «ማን ይተውን?» ሲመጣ እስቲ ሲጫወት የሚያሳይ ግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ጠይቁ። ጺም በሦስት ሳምንት ይበቅላል።