«ቤቱ ምን ይላል?»

ደባርቅም ሆነ ዳባት አዳራሽ ገብቶ «ቤቱ ምን ይላል?» ሲባል ያልሰማ የለም። ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይልም። የለመዱት ሁለት ሦስት ሰዎች ተነሥተው መድረኩን ያመሰግናሉ፤ አንድ አዛውንት የውሃ ነገር ያነሣሉ፤ ሰብሳቢው «ከአጀንዳው አንውጣ» ይላል፤ ይጨበጨባል፤ ሻይ ይጠጣል። ሰው ዝም የሚለው ሐሳብ አጥቶ አይደለም። መልሱ አስቀድሞ ተጽፎ እንደ መጣ ስለሚያውቅ ነው።

ልማዱን ያወረሰን አንድ መንግሥት ብቻ አይደለም። በደርግ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ነበር። ተሳፋሪዎቿ ፊት ለፊት ተፋጥጠው የሚቀመጡባትን ታክሲ አዲስ አበቤ «ውይይት» ያላት ያኔ ነው (ከክበቡ ይልቅ ታክሲዋ ውስጥ የተሻለ ሳይወራ አልቀረም)። በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀት መጣ። ክፍል ውስጥ ጎበዙ ይሠራ፣ ሌሎቹ ይገለብጡ ነበር፤ ቀበሌ ውስጥ ማን ምን አለ ተብሎ ይመዘገብ ነበር። እንዲህ ያለፈ ሰው «በቡድን ተወያዩ» ሲባል ቢያቅማማ አይፈረድበትም።

ውይይት የሚጀምረው ጠያቂው ራሱ መልሱን ሳያውቅ ሲጠይቅ ነው ባይ ነኝ። ደባርቅ ለዚህ የሚሆን ጥያቄ ከደጇ አላት፦ የግጭ መንደር ሰዎች ከፓርኩ መነሣታቸው ልክ ነበር? የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፤ በ2017 ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ከ400 በላይ አባወራዎች ከግጭ ተነሥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ዛሬ እዚህ አንድ ክፍል ውስጥ የግጭ ልጅ፣ የፓርኩ ስካውት ልጅ፣ የበቅሎ አከራይ ልጅና ገብሱን ጭላዳ የሚበላበት ገበሬ ልጅ አንድ ዴስክ ሊጋሩ ይችላሉ። ዋሊያው የሣር መሬት ይፈልጋል፤ በጉም ይፈልጋል። ካሳ የተቀበለ ሰው ምን አገኘ፣ ምን አጣ? ቱሪስት ሲቀር ማን ይጎዳል? መምህሩ ይህን ከመማሪያ መጽሐፍ አያገኘውም፤ ተማሪዎቹ ግን ከቤታቸው ይዘውት ይመጣሉ።

ታዲያ የመምህሩ ሥራ ምንድነው? ከሁሉ በፊት መታገሥ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳየችው፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ነው፤ ሦስት ሰከንድ ሲታገሡ መልሱ ይረዝማል፣ ዝምተኞቹም ይናገራሉ። ቀጥሎ «ጎበዝ!» ከማለት ይልቅ «ከምን ተነሥተህ ነው?» ማለት። ለመቃወም እጅ ያወጣውንም «መጀመሪያ እሷ ያለችውን ንገረን» ማለት። ይሄ የመጨረሻው ከባድ ነው፤ ትልልቆቹም ይወድቁበታል።

በመንደር ስብሰባ ደግሞ ትልቁ ችግር ተራው ነው። ቄሱ ወይም የዕድሩ ዳኛ ቀድመው ከተናገሩ ማን ቀና ብሎ ሌላ ይላል? ስለዚህ ወጣቶቹና ሴቶቹ ቀድመው ይናገሩ፤ ካስፈለገም ሴቶቹ መጀመሪያ ለብቻቸው ይቀመጡ። ነውር ነው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ነውሩ አይታየኝም፤ በሽምግልና ሽማግሌው ሁለቱን ወገን ሰምቶ አይደል በመጨረሻ የሚናገረው?

ይህ አያዋጣም ለሚል ከምባታን እጠቅሳለሁ። ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ጋር በ1997 (እ.ኤ.አ.) ያቋቋሙት ድርጅት ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ከመናገሩ በፊት ሽማግሌዎቹን ምን እንደሚቸግራቸው ጠየቀ። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩበት ድልድይ አሉ። ድልድዩ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ወንዱም ሴቱም በአንድ ላይ እየተቀመጠ ዓመታት የፈጀ የማኅበረሰብ ውይይት ተካሄደ። ዩኒሴፍ ያስጠናው ጥናት በአካባቢው የግርዛት ደጋፊው ከ97 በመቶ ተነሥቶ ከ5 በመቶ በታች መውረዱን አሳይቷል። እኛ ዘንድ ከአጀንዳ ውጭ የሚባለው የአዛውንቱ የውሃ ጥያቄ እዚያ ቢሆን መጀመሪያ ይነሣ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ቃለ ጉባኤ ላይ «ያልተስማማንበት» የሚል ክፍል ይግባ፤ የሚቀጥለውም ስብሰባ ከዚያ ይጀምር። «ይህ በሪፖርት እንዴት ይገለጻል?» የሚል ኃላፊ እንደሚኖር አውቃለሁ። እሱም ገብቶ ከተሰብሳቢው ጋር ይቀመጥ፤ ተራው ሲደርስ ይናገራል።