ለጌም ሱስ ኤምአርአይ ያስፈልጋል?

ልጅዎ «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጌም ላይ ይቆያል? ስልኩን ሲቀሙት ይጮሃል፣ ዕቃ ይወረውራል? አንዳንድ ወላጆች «ባለጌ ሆነ» ብለው ዱላ ያነሳሉ። ሌሎች ደግሞ «አንጎሉ ተጎድቷል» ብለው ኤምአርአይ እንዲታዘዝላቸው ይጠይቃሉ። በእኔ እምነት ሁለቱም መንገድ ልጁን አይረዳውም።

ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል፣ ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ፣ «ቆይ፣ አስብ» የሚለን ፍሬናችን ነው። ሙሉ በሙሉ የሚበስለው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ነው። ደስታና ሽልማት የሚፈልገው ክፍል ግን በጉርምስና ዕድሜ ቀድሞ ይነቃቃል። ጌም ደግሞ በነጥብ፣ በደረጃና ባልተጠበቀ ሽልማት ነዳጅ ይሰጠዋል።

በጌም ሱስ የተያዙ ታዳጊዎች ላይ የተሠሩ የአንጎል ምስል ጥናቶች፣ በዚሁ የፍሬን ክፍል ውስጥ የግሬይ ማተር መጠን ቀንሶ እንደታየና ይህም ከችኩልነት ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ግን ጌሙ ነው አንጎሉን የለወጠው ወይስ ቀድሞውንም ችኩል የሆነ ልጅ ነው በቀላሉ የሚጠመደው? አንድ ጊዜ የተነሳ ምስል ይህን አይመልስም። ልዩነቱም የሚታየው የብዙ ልጆች አማካይ ሲነጻጸር ስለሆነ፣ በአንድ ልጅ ኤምአርአይ ሱስን መለየት አይቻልም። ሌላ የሕመም ምልክት ከሌለ ገንዘብዎን አያውጡ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገቡ የጌም ሱስን የሚለየው በባህሪ ነው፦
- መጫወቱን መቆጣጠር አለመቻል
- ጌምን ከሁሉም ነገር ማስቀደም
- ጉዳት እየደረሰም መቀጠል

ይህም ሕይወቱን በግልጽ የሚያውክና አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት የቆየ መሆን አለበት። ብዙ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ሱሰኛ አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የእሱ ፍሬን እስኪጠነክር እርስዎ ፍሬን ይሁኑለት።

1. የሚያቆምበትን ሰዓት ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተስማሙ። መሃል ላይ መንጠቅ ጠብ ብቻ ነው የሚያተርፈው።
2. ማታ ስልኩ እርስዎ ክፍል ይደር። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። እንቅልፍ ማጣት በራሱ ችኩልነትን ያባብሳል።
3. የወሰዱበትን ሰዓት ባዶ አይተዉት። ኳስ፣ ጓደኛ፣ ከእርስዎ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ ይተካው።
4. አይምቱት፣ ስልኩንም አይስበሩ። ራሱን እንዲገዛ የምንፈልገው ልጅ፣ እኛ ስንናደድ ራሳችንን ስንገዛ ማየት አለበት።

ትምህርቱን ከተወ፣ ከሰው ከራቀ ወይም ውጤቱ ካሽቆለቆለ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ይውሰዱት። ከጌሙ ጀርባ ድብርት፣ ጭንቀት ወይም የትኩረት ችግር ሊኖር ይችላል። ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ገና እያደገ ያለ አንጎል ገና ይማራል። ገደብን ደግሞ መጀመሪያ የሚማረው ከቤቱ ነው።

ለሌሎች ወላጆችም ያጋሩ።