ቲኬቱ ከመቆረጡ በፊት

ዛሬ የማወጋችሁ ቤታችንን ለሦስት ሳምንት ስላሟገተ የጉዞ ዕቅድ ነው።

ከባሏና ከልጆቿ ጋር ዱባይ የምትኖረው ልጄ ደወለችና «እማዬ፣ ነሐሴ ላይ ፈቃድ አለኝ። ሲሼልስ እንገናኝ። አባዬም ባሕር ይይ። ቪዛ አይጠይቁም፣ ቲኬቱም እስከ ዓርብ ቅናሽ አለው» አለችኝ። ባለቤቴ በወጣትነቱ ምፅዋን ካየ ወዲህ ባሕር አላየም። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የስኳር ሕመም ስላለበት ኢንሱሊን ይወጋል። ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ሲሼልስ ከአፍሪካ ጠረፍ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ብዙ ደሴቶች ናቸው። ልጄ የመረጠችው ሆቴል ላ ዲግ በምትባለው ትንሽ ደሴት ላይ ነው። እኔ ደግሞ የነርስነት አመሌ አይለቀኝምና የጠየቅኩት ስለ ሆቴሉ ሳይሆን ስለ ሆስፒታሉ ነው። ትልቁ ሆስፒታል ያለው ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ፣ ማሄ ደሴት ላይ ነው። ከላ ዲግ በጀልባ ሩብ ሰዓት ያህል ተጉዞ ፕራሊን፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዞ ማሄ ይደረሳል። በዚያ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ባሕሩን የሚያናውጥበት ወቅት ነው። ስኳሩ ሌሊት ቢወርድበትስ? ስለዚህ ማደሪያችን ማሄ እንዲሆን ተስማማን። ባሕሩ ጸጥ ያለ ቀን ፕራሊን ሄደን በዓለም ትልቁን ዘር የሚያፈራውን የኮኮ ደ ሜር ዘንባባ አይተን እንመለሳለን።

ቀጥሎ የመጣው ግን ከባሕሩ የባሰ ነበር። ቪዛ ባይጠየቅም ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት ፈቃድ ይወሰዳል፤ ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። እኔ በሥራ ዘመኔ ተከትቤአለሁ። ካርዴ ላይ አሥር ዓመት ተብሎ ቢጻፍም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ተወስኗል። ባለቤቴ ግን ተከትቦ አያውቅም። «ነገ ሄደህ ተወጋ፣ ከጉዞው አሥር ቀን ቀድሞ መሆኑ ብቻ ነው የሚጠበቀው» አልኩት። ስንት ክንድ የወጋሁ ሰው ነኝና ቀላል መሰለኝ።

ወጣቱ ሐኪም መርፌውን ከማዘዙ በፊት «አባባ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው? ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚከተቡት?» ብሎ ጠየቀው። አፈርኩ። ክትባቱ የሚሠራው ተዳክሞ ግን ሕይወት ካለው ቫይረስ ነው። ብዙ ሰው ያለ ችግር ይወስደዋል። ከስድሳ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወሰድ ግን፣ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም፣ ከባድ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ከወጣቶቹ ይበልጣል። ለነፍሰ ጡር፣ ለሚያጠቡ እናቶች፣ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመና እንቁላል ክፉኛ ለማይስማማው ሰውም ሐኪም ሳይመዝን አይሰጥም። ዘጠኝ ወር ላልሞላው ሕፃንም በመደበኛው አይሰጥም።

ሐኪሙ «ሲሼልስ ውስጥ ቢጫ ወባ የለም። ካርዱን የሚጠይቁት በሽታው ወደ እነሱ እንዳይሻገር ነው። ለመዝናናት ብለው ይህን መርፌ እንዲወስዱ አልመክርዎትም» አለው። ክትባቱ በጤና ምክንያት እንደቀረ የሚገልጽ ደብዳቤ እንደሚጽፍልን፣ መቀበል አለመቀበሉ ግን የዚያ አገር ፈንታ ስለሆነ ቲኬት ሳንቆርጥ እንድንጠይቅ ነገረን።

ዓርብ አለፈ፤ ቅናሹም አለፈ። ልጄ «እማዬ፣ ሁሉን ነገር በሽታ ታደርጊዋለሽ» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። አልፈረድኩባትም፤ አባቷን ባሕር ልታሳይ ነው የለፋችው።

እስከዚያው ዝግጅቱ አልቆመም። ኢንሱሊኑ የጭነት ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ እዚያ ከቀዘቀዘ ይበላሻል። ግማሹን እሱ፣ ግማሹን እኔ በእጅ ቦርሳ እንይዘዋለን፤ በረዶ እንዳይነካው በፎጣ እንጠቀልለዋለን። የሐኪም ማዘዣውም አብሮ ይሄዳል። ደሴቶቹ ላይ ወባ ባይኖርም ዴንጊ የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ስለምትነክስ ለልጅ ልጆቼ እጅጌው ረጅም ልብስ ገዝቻለሁ።

ወላጆቻችሁን ወይም ሕፃን ይዛችሁ ሩቅ አገር ልትሄዱ ያሰባችሁ ልጆች፣ ዕቅዱን ከቲኬቱ አትጀምሩ። ከቤቱ ትልቅ ሰውና ከቤቱ ትንሽ ልጅ ጀምሩ። ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ሐኪም ፊት አቅርቧቸው።

ደብዳቤያችን ተልኳል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። እንቢ ካሉ ልጄ ቤተሰቧን ይዛ ወደ እኛ እንድትመጣ ተስማምተናል። ባለቤቴ ትናንት ማታ መርፌውን እየወጋሁት «ባሕሩ ካልተቀበለኝ ላንጋኖ ይቀበለኛል። እኔ የናፈቀኝ ውኃው ሳይሆን ልጆቹ ናቸው» አለኝ። ይህንኑ ለልጄ ደውዬ ነገርኳት። ኩርፊያዋ ያኔ ለቀቃት።